አራተኛው ቤት

ልጄ ልታገባ ነበር። ሙሽራው የበደሳ ልጅ ነው፤ እዚሁ ጭሮ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ረጋ ያለ፣ በሰው ላይ ቶሎ የማይቆጣ። ሽማግሌ ተልኮ፣ እኛም እሺ ብለን፣ የቀረው የዘር ቆጠራ ብቻ ሆነ። በእኛ ዘንድ ተጋቢዎች እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራሉ። ከዚያ በታች ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸውና ጋብቻው ይቀራል።

የባሌን ወገን ያለ ችግር ቆጠርነው። የእኔ ግን አራተኛው ቤት ላይ ቆመ። እኔ፣ እናቴ፣ የእናቴ አባት፣ ከዚያ ፈረንጁ። ስሙን የሚያውቅ የለም። ግሪክ ነበር የሚሉ አሉ፣ አርመን ነበር የሚሉም አሉ። እናቴ በሕይወት ሳለች ስጠይቃት “ከባቡር ወርዶ ገለምሶ ላይ ወፍጮ ተከለ” ከማለት ሌላ አትጨምርም። ለእሷ ሰውየው የተወለደው ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ነው።

የነፍስ አባታችን ነገሩን በቀላሉ ዘጉት። ፈረንጅ በዚህ አገር ምን ዘመድ ይኖረዋል፣ ከእሱ ወዲያ ያለው ባሕር ነው፣ ይለፍ አሉ። የሙሽራው ወገኖችም ሳቁና ተስማሙ።

እኔ ግን ግትር ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ልጅ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ፣ የራሴ ላይ ሲደርስ ይለፍ መባሉ አንገበገበኝ። እውነቱን ልናገርና ኩራትም ነበረበት። የልጄ ሠርግ ላይ የፈረንጁን ስም ጠርቼ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እንዲያየኝ አምሮኝ ነበር። በማግስቱ የገለምሶ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ጉሙ ከጫት ማሳው ላይ ገና አልተነሣም። ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ ሳንቀላፋ ሰውየውን አየሁት። በቅሎ እየሳበ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ዳገቱን ይወጣል። ፊቱን ለማየት ስሞክር ጉም ይሆንብኛል፤ እንዳልጠራው ስሙን አላውቅም። መኪናው ጉድጓድ ሲዘል ይጠፋል፣ ዓይኔን ስጨፍን ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ እያልን፣ እሱ በእግሩ እኔ በሚኒባስ፣ ገለምሶ ገባን።

ገበያው ውስጥ ስጠይቅ ስጠይቅ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ዘንድ ወሰዱኝ። አባታቸው በፈረንጁ ወፍጮ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሽማግሌው ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው፣ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ፣ በዝግታ ወደ ጓሮ አስገቡኝ። የወፍጮው ድንጋይ እዚያ አለ። ግማሹ መሬት ውስጥ ሰጥሟል፣ ላዩ ላይ የውሃ ጀሪካን ተቀምጧል። ጀሪካኑን አንሥተው ንኪው አሉኝ። ፀሐይ አሙቆታል። መዳፌን አሳርፌበት ብዙ ቆየሁ፤ የሰው ጀርባ የዳሰስኩ መሰለኝና እንባዬ መጣ። ከዚያ በፊት በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሽማግሌው ልጅ ሳሉ አባታቸው ስለ ፈረንጁ ሲተርኩ የሰሙትን አወሩልኝ። ጭሮ ሚስት ነበረችው፣ ወንድ ልጅም ወልዳለታለች አሉ። እሱ አያቴ ነው አልኩ እየሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁና እጄን ያዙኝ።

“ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እዚህም እኮ ቤት ነበረው። ከዚህችኛዋ፣ ከገለምሶዋ ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዷል። ወላሂ፣ አባቴ ሠርጓ ላይ ነበር፤ ለበደሳው መሪጌታ ነው የዳሯት።”

መሪጌታውን በስም አውቃቸዋለሁ። የሙሽራው እናት የልጅ ልጃቸው ናት። ወገኖቹ ሲቆጥሩ በኩራት የመሪጌታውን አባቶች አንድ በአንድ ጠርተዋል። ሚስታቸውን ግን የገለምሶ ሴት ናቸው ብለው አለፏቸው፤ እኛም አልጠየቅንም። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ በጣቶቼ ቆጠርኩ። በእኔ በኩል አራት። በሙሽራውም በኩል፣ እናቱ፣ የእናቱ እናት፣ የመሪጌታው ሚስት፣ ፈረንጁ፣ አራት። ደግሜ ቆጠርኩ። ሽማግሌው አመመሽ ወይ ብለው ውሃ አስመጡልኝ። የሄድኩለትን ስም እንኳ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን በደሳ ቆመ። ዓይኔን ብጨፍን ሰውየው አልመጣም። ጠላሁት። ሞቶ ድንጋይ ብቻ ከቀረው ሰው ጋር እስከ ጭሮ ድረስ ተጣላሁ። ዝም ልበል ብዬም አስቤያለሁ። ሽማግሌው ከሱቃቸው ደጅ አይርቁም፣ ማን ሊናገር? ግን የልጅ ልጅ ታቅፌ፣ ልጁ በታመመና ባለቀሰ ቁጥር፣ በልቤ አንድ ሁለት እያልኩ ስቆጥር ታየኝ። ያንን ፈራሁ።

ቤት ስገባ ልጄ የጥሪ ካርድ ላይ ስም እየጻፈች ነበር። አገኘሽው ወይ አለችኝ። አገኘሁት አልኳት፤ ሁሉንም ነገርኳት። ብዕሩን ከድና አስቀመጠችው። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

“እማዬ፣ ይለፍ ብለውን ነበር እኮ” አለችኝ።

ስም የተጻፈባቸውን ካርዶች አንድ በአንድ ሰበሰብኩ።

በሦስተኛው ቀን ሙሽራው መጣ። ነገሩን ከልጄ ሰምቶ፣ ከወገኖቹ ጋር ተማክሮ፣ የነፍስ አባቱንም ጠይቆ ነው የመጣው። ልጄ ጓዳ ነበረች። ከታጩ ጀምሮ እሷን እየሰማ እኔን እማዬ ነበር የሚለኝ። በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ገባና ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ።

“እንደምን አደሩ፣ አክስቴ” አለኝ።