የልብስ ሰፊው ያሕያ የሲሚንቶ ወረቀቶች

አባቴ ያሕያ ከሀይሌ ጋርመንት ወረድ ብሎ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የወንድ ኮት ሰፍቷል። ያረፈው ባለፈው ኅዳር ነው። መቀሱን ያስቀመጠው ግን ቀደም ብሎ፣ በ2015 ዓ.ም. ጥር ነበር። ለቅሶ የመጡት ሁሉ ዓይኑ ደክሞ ነው አሉ። ዓይኑ መድከሙ እውነት ነው፤ ሥራውን ያስተውኩት ግን እኔ ነኝ።

ፓተርን፣ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ የሚቆረጥበትን ልክ፣ የሚያወጣው ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነበር። ከረጢቱን ከግንበኞች ይለምናል፣ አራግፎ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል፣ ከዚያ በካውያ ይተኩሰዋል። ሱቅ የሚሸጠው ወረቀት ይሰነጠቃል፣ ይሄ ግን ይታዘዛል ይል ነበር። ለአንድ ደንበኛ የሚቆርጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰውየው ሲወፍር በጠርዙ ላይ የጣት ስፋት ያለው ቁራጭ በዱቄት ኮላ ይለጥፋል፤ ሲከሳ ደግሞ ያጥፈዋል። ወረቀቶቹ በየስማቸው ምስማር ላይ ተንጠልጥለው ይኖራሉ።

የለቡው ገበሬ ኦቦ ኮርሳ በልጅነታቸው ከፈረስ ወድቀው ግራ ትከሻቸው ዝቅ ያለ ነው። የሳቸው ወረቀት ግራው ትከሻ ላይ እጥፋት፣ ሆዱ ላይ አራት ጭማሪ ነበረው። "ያሕያ፣ እኔ ስወፍር ወረቀቱም አብሮኝ ይወፍራል" ይሉታል። "ክሳና እናያለን፤ ማጠፍ እንደሆነ አይከብደኝም" ይላቸዋል።

እኔ የተማርኩት የመዛግብት አያያዝ ነው፤ የምሠራውም መዝገብ ቤት ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የዓመት ፈቃድ ወጥቼ ሱቁ ስገባ በረሮ ኮላውን እየበላ ወረቀቶቹን ሲያበላሽ አየሁ። አባቴን ሳላስፈቅድ ስልሳ አንዱንም ነፋስ ስልክ ወዳለው ቤቴ ወሰድኩ። በንጹሕ ማኒላ ወረቀት ላይ አንድ ሚሊሜትር ሳላዛንፍ ገለበጥኳቸው፣ ቆረጥኳቸው፣ ቁጥር ሰጠኋቸው። አሮጌዎቹን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ሰጠሁ።

አዲሶቹን ሳመጣለት አንዱን አንስቶ መዳፉን ከላይ እስከ ታች አሳለፈበት። ደገመው። "እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ" አለኝ። ልስላሴውን የወደደው መስሎኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኦቦ ኮርሳ ለልጃቸው ለገላኔ ሠርግ ኮት ሊያሰፉ መጡ። አባቴ ፓተርኑን ጨርቁ ላይ ዘረጋ፣ ጠርዙን ዳበሰ፣ መቀሱን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ሱቁን የሚጋራውን ጀማሉዲንን ቁረጥልኝ አለው። ኮቱ ልክ ሆነ፤ መስመሬ ትክክል ነበርና። ኦቦ ኮርሳ ለብሰው መስታወት ፊት ቆሙና የማን እጅ ነው ብለው ጠየቁ። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲያ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ቁልፍ ከመትከል በቀር ሌላ ነገር አልሠራም።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ጀማሉዲን አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ወረቀቶቹ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የት እንደማስቀምጣቸው ልጠይቀው ነበር።

"ያኔ ዓይኑ ከደከመ አራት ዓመት አልፎት ነበር" አለኝ። "በግራ እጁ ጣት ጠርዙን እየተከተለ ነው የሚቆርጠው። የተለጠፈው ጋ ሲደርስ፣ ይሄ ሆዱ ነው፤ የታጠፈው ጋ፣ ይሄ ትከሻው ነው። ያንቺ ወረቀት ሁሉም ቦታ አንድ ሆነበት።"

"ለምን አልነገረኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበራ።"

ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የተማርነው ቅጂ ዋናውን እንደማይተካ ነው። አንድ ነገር ከማስወገድ በፊት ማን እንደሚጠቀምበት፣ እንዴት እንደሚጠቀምበት መጠየቅ ግዴታ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የማላውቃቸውን ሰዎች ፋይል በዚህ ደንብ ጠብቄያለሁ።

አሁን ስልሳ አንዱም ማኒላ እኔ ጋ ነው። ጀማሉዲን የስምንቱን አሮጌ ወረቀት ሁኔታ አስታውሶ ነገረኝ፤ በየቅጂው ጀርባ በእርሳስ ጻፍኩት። ኦቦ ኮርሳ፦ ግራ ትከሻ አንድ እጥፋት፣ ሆድ አራት ጭማሪ። በሃምሳ ሦስቱ ጀርባ ላይ "አይታወቅም" ብዬ ጻፍኩ። በሁሉም ላይ፣ ከሥር፣ ዋናውን ማን እንዳስወገደው ከነሙሉ ስሜ አስፍሬያለሁ።