አው ዘከሪያ ያልጠቆሟቸው ሦስት ጉድጓዶች

አው ዘከሪያ ጉቦ በልተው ጉድጓድ ደበቁ ይባላል። ወሬው ዛሬ ከሰዓት ከፈላና በር ሲነሳ ጉቦ ብቻ ነበር፤ ሸዋ በር ሚኒባስ ተራ ሲደርስ መኪና ሆነ፤ መግሪብ ሳይሰገድ አቦከር ሰፈር ገብቶ ድሬዳዋ ላይ ቤት ሠራላቸው።

እውነቱ ይኸው ነው። የነዳጅ ቧንቧ ከሚዘረጋው ካምፓኒ ያገኙት አንድ ቢጫ የራስ ቆብ ነው፤ እሱንም ባለቤታቸው ጃሚላ የዶሮ ውሃ መጠጫ አድርገውታል። ጉድጓዶቹን ግን፣ አዎ፣ አልተናገሩም።

አው ዘከሪያ የውሃ ጉድጓድ ጠራጊ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ከከተማው ግንብ ውጭ ባሉት የጫትና የፍራፍሬ ማሳዎች፣ ወገባቸውን ታስረው እየወረዱ ደለል ሲያወጡ ኖረዋል። ሌላው ሰው አገሩን በሐሜት ሲያውቀው እሳቸው ከሥሩ ያውቁታል።

የነዳጅ ቧንቧ በማሳዎቹ ሊያልፍ ነው ሲባል ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ባለማሳው በድሪ ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ይኼ ነገር አንዴ ካፈሰሰ ውሃችን ይነድ እንደሆነ ክብሪት እየጫርን ነው የምናየው አለ። ወጣቶቹ ሳቁበት። ከሳቁት አንዱ የአው ዘከሪያ ልጅ ዚያድ ነበር። ዲፕሎማውን ይዞ ሦስት ዓመት ግንብ ተደግፎ የኖረ ልጅ ነው፤ እናንተስ ውሃ አላችሁ፣ እኛ ምን አለን ሲል አዳራሹ አጨበጨበለት። በመጨረሻ ቧንቧው ከጉድጓዶች ርቆ እንዲያልፍ ተስማሙ። ጉድጓዶቹን ማን ያሳይ ሲባል፣ ያው ሌላ ማን አለ?

አው ዘከሪያ የካምፓኒውን ኢንጂነር ደረጀን አስከትለው አሥራ አራት ጉድጓድ አሳዩ። ሌላ አለ ወይ ሲባሉ የለም ብለው ፈረሙ። አልዋሹም። በጠራጊዎች ዘንድ ሰው የገደለ ጉድጓድ አፉ በግንድና በአፈር ይከደናል፣ ዱዓ ይደረግበታል፣ ከዚያ ወዲያ ስሙ አይጠራም። ስሙን የጠራ የጉድጓዱን የሰው ጥማት ይቀሰቅሳል ይላሉ። እንዲህ የተከደኑ ሦስት አሉ። ኢንጂነሩ የጠየቀው ስለ ጉድጓድ ነው፤ እነዚያ ደግሞ ለአው ዘከሪያ መቃብር ናቸው።

ቁፋሮው ተጀመረ፤ ዚያድም ተቀጠረ። ቤቱ ሳቅ ገባበት። ትናንት ምሳ ላይ ዚያድ እንደ ቀልድ አድርጎ፣ በበድሪ ማሳ ጥግ ስንቆፍር መሬቱ እንደ ከበሮ ይጮኻል አለ። ጃሚላ ሳቁ። አው ዘከሪያ የጠቀለሉትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡት።

ወዲያው ሄደው አዩ። ለቧንቧው የተቆፈረው ቦይ በሦስቱም የተከደኑ ጉድጓዶች ላይ ቀጥ ብሎ አልፏል። ተንበርክከው ጆሯቸውን መሬት ላይ አስጠጉ። ከሥር አፈር ይረግፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ውሃ ይቀበለዋል። ግንዶቹ በስብሰዋል። ቤት ተመልሰው ልጃቸውን ሥራውን ተው አሉት።

"አባ፣ ሦስት ዓመት ቆሜ የጠበቅኩትን ሥራ አፈር ረገፈ ብዬ ልተው?" አላቸው።

ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ፈላና በር ላይ ሰው አሰባስበው፣ ኢንጂነሩ ባለበት የሦስቱን ስም ጠሩ፤ የሐጂዋ፣ ጨውዬ፣ ጨለማው። ሽማግሌዎቹ አስተግፊሩላህ እያሉ ፊታቸውን አዞሩ። አው ዘከሪያ ቀጠሉ። ሦስቱ ከታች እንደሚገናኙ፣ በየማሳው የሚቀዳው ውሃ በእነሱ በኩል እንደሚያልፍ፣ ያ ከባድ ብረት ሲጫንበት መሬቱ እንደማይችለው አስረዱ።

ደረጀ ወረቀቱን አወጣ። "ጋሼ፣ የለም ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። አሁን መስመሩ ይቀየር ከተባለ ሥራው ለወራት ይቆማል።"

ይቆማል የምትለዋን ሲሰሙ ወጣቶቹ ተንጫጩ። አንዱ ከኋላ፣ ሽማግሌው የበሉት አልበቃቸው ብሎ ጭማሪ ፈልገው ነው አለ፤ ወሬው የተወለደው እዚያች ላይ ነው። ስለ ክብሪት የተናገረው በድሪ እንኳን የማሳውን ካሳ ከካምፓኒው ከተቀበለ ወዲህ ጫማውን ማየት ይዟል። ዚያድ ከጓደኞቹ መሃል አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

አው ዘከሪያ አልተቆጡም። የወጣቶቹን አባቶች አንድ በአንድ አዩዋቸው።

"ነገ ቧንቧው ሲወርድ፣ ቦዩ ውስጥ ከጨለማው በላይ ቆሞ የሚቀበለው ዚያድ ነው" አሉ። "በእሱ ቦታ የራሱን ልጅ የሚያቆም አለ?"

ከአባቶቹ አንዱ የልጁን ክንድ ይዞ ወደ ራሱ ሳበው።