የእድሩ ድስት

በናይሮቢ ሳውዝ ሲ ሰፈር ያለው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ ሊፈርስ ስለሆነ ተከራዮቹ ሁሉ ለቀውታል። ከደርግ መውደቅ በኋላ ወደ ናይሮቢ የተሰደዱ ሐበሾች እዚያ እድር ነበራቸው፤ የዕቃው ኃላፊ ወይዘሮ የውብዳር ነበሩ። አባላቱ ተራ በተራ ካናዳና አውስትራሊያ ሲገቡ እሳቸው ብቻ ቀሩ።

ዛሬ የእድሩን ዕቃ ሊወስዱ መጡ። የጎረቤታቸው የሚዛን ቤት በሩ ተነቅሏል፤ ግድግዳው ላይ የልጆቿ ቁመት በከሰል እንደተሰመረ ነው። በባንታየሁ ቤት አንድ እግር ጫማና ጠጉር የያዘ ማበጠሪያ ወድቋል። ወይዘሮ የውብዳር ደፍ ባለፉ ቁጥር፣ ከልማድ፣ «እንዴት ዋላችሁ» ይላሉ።

ድንኳኑና ትልቁ ድስት ዕቃ ቤቱ ውስጥ አቧራ ለብሰው ቆይተዋቸዋል። የተጠቀለለው ድንኳን ላይ ተቀመጡ። እኔ ስሞት ይህን ማን ይተክለዋል ሲሉ አሰቡ።

የሕንጻው ዘበኛ ሙቱዋ ብቅ አለ።

«ማማ፣ ወንድሜ ሞቶብኝ ካሳራኒ ሰፈር ለቅሶ ላይ ነን። ድስቱን ያውሱኝ» አላቸው በስዋሂሊ።

«ለእድሩ አባል ካልሆነ አይወጣም።»

«አባሎቹ የት አሉ?»

ወይዘሮ የውብዳር ባዶውን ኮሪደር አዩ። «እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እኔንም ያስገቡኝ፤ ሁለት እንሁን» ብሎ ፈገግ አለ።

እሳቸው ፈገግ አላሉም። «አባል የሆነ ሰው ለቅሶ ይደርሳል። የእኔም ቀን ሲመጣ።»

የሙቱዋ ፈገግታ ጠፋ። «እሺ ማማ፣ እመጣለሁ» አለ።

ነጠላቸውን አዘቀዘቁና የድስቱን አንድ ጆሮ ያዙ። «በል፣ በዚያ በኩል አንሳ» አሉት። ስሙን እንኳ ላልሰሙት ሰው ሊያለቅሱ ማታቱ ወደሚሉት ሚኒባስ ወረዱ።