እናቴን በአትክልት ቋንቋ

እናቴ ራሷ ጠይቃ የተቀበረችው ከጂንካ ራቅ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ፣ ወላጆቿ መንደር ነው። ጓሯችን ውስጥ የቀረን የተከለችው እንሰት ብቻ ነበር። አባቴ ግን ከቀብሩ በኋላ ወደ ጓሮ አልገባም አለ። በር ላይ ተቀምጦ መንገድ ያያል። እኔ ደግሞ ኦሞ ዳር፣ ካንጋተን ሥራ አግኝቼ ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። እንዲህ ሆኖ ትቼው መሄዱ ጨነቀኝ። መቅረትም አልፈልግም፤ ምን ይደበቃል።

አንድ ጠዋት ጠፍጣፋ ድንጋይ በጋሪ አስመጣና፣ «ለእናትሽ ጓሮ የሚቆም ነው። በላቲን ጻፊልኝ» አለኝ።

«በምን?»

አባቴ በጉልምስናው ዕፅዋት ለሚሰበስቡ ተመራማሪዎች መንገድ እየመራ ጫካ ለጫካ ዞሯል። ቅጠል በቆረጡ ቁጥር የላቲን ስም ጽፈው ያስሩበታል። እሱም ላቲን ማለት የአትክልት ቋንቋ ነው ብሎ ደመደመ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላሳመነውም።

«አባ፣ ጂንካ ውስጥ ይህን ማን ያነበዋል?»

«ለሰው መች አልኩ? እንሰቶቹ ማን እንደተከላቸው ይወቁ እንጂ።»

ሳቅ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እንቢ ማለት አቃተኝ።

የኔ ላቲን ከባዮሎጂ ክፍል የተረፈ ነው። መጀመሪያ የእንሰትን ስም ጻፍኩለት፤ Ensete ventricosum።

«የትኛው እንሰት?»

«ሁሉም።»

ተቆጣ። በኛ ዘንድ እያንዳንዱ የእንሰት ዓይነት የራሱ ስም አለው፤ እናቴም እንደ ልጆቿ ለይታ ትጠራቸው ነበር። «ሁሉም በአንድ ስም? ብትሰማሽ ትጣላሽ ነበር። አጥፊው!»

ስልኬ ላይ ቃል እየፈለግኩ «እናት እዚህ ተከለች» የሚል አወጣሁ። «ስንት ዘመን ለፍታ ሦስት ቃል?» አለ። ጨመርኩ። ረዘመ አለ። አሳጠርኩ። ጎረቤት ያበላችውስ የት ገባ? አለ። እኔ ስጽፍ እሱ ሲመልስ የካንጋተን መኪና አመለጠኝ፤ የሚቀጥለውም።

ትዕግሥቴ አለቀ። «አባ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያልጣመህ ጽሑፉ ነው ወይስ መሄዴ?»

ጥፍሩን አየ። «ካንጋተን ይሞቃል» አለ ቀስ ብሎ። «ውሃውም አይስማማሽ ይሆናል።»

ልቆጣው ነበር፤ ተውኩት። አጠገቡ ተቀምጬ ትከሻው ላይ ተደገፍኩ። ከዚያ እሱ ራሱ፣ «እስኪ የመጨረሻውን አንብቢልኝ» አለ።

MATER HIC SEVIT ET NOS ALUIT.

«እናት እዚህ ተከለች፣ እኛንም መገበች ማለት ነው።»

«መገበች» አለ። «እሷ ናት። በቃ፣ አትንኪው።»

ድንጋዩን እየጎተትን እንሰቶቹ መሃል አደረስነው። ፊደሎቹን በቀለም ትልልቅ አድርጌ ጻፍኩለት። መዶሻና መሮ ይዞ ተንበረከከ። በማግስቱ ተሳፈርኩ።

አሁን ከሥራ ስወጣ ይደውልልኛል። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ የፊደሎቹን ቅርጽ እየተከተለ ነው የሚቀርጸው። «ያችን ማበጠሪያ የመሰለችውን ጨረስኳት» ይለኛል። E ማለቱ ነው። «ዛሬ ደግሞ ድንጋዩ ዙሪያ አረምኩ። ለበዓል ስትመጪ እንዲያልቅ ልፍጠን እንዴ?»

«አትቸኩል አባ» አልኩት። «ቀስ ብለህ።»