በተጠቃሚው ግድየለሽነት

አሶሳ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዋና መካኒኩ ጋሽ መኮንን የቧንቧ መፍቻና ውሃ ልክ ሰጡኝ። «ሳትለካ አትትከል» አሉኝ። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር፤ ቢሮው ማኅተም እንጂ ወንበር ስላልነበረው ቆሜ ፈረምኩ። እኔ ግን በደስታ መሬት አልበቃችኝም። የእጅ ፓምፕ ቴክኒሻን ሆንኩ እኮ!

በባምባሲ መንገድ ባለች የበርታ መንደር የመጀመሪያ ፓምፔን ተከልኩ። ውሃው ቡልቅ ሲል ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም አብሬ ዘለልኩ። ሐዋ የምትባል ነገር የማታሳድር ሴት የፓምፑ ጠባቂ ሆና ተመረጠች።

በአራት ወር ውስጥ ሮዱ፣ ከእጀታው ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ብረት፣ ሦስቴ ተሰበረ። ሦስቴም ቀየርኩ፤ ሦስቴም ሪፖርቱ ላይ «በተጠቃሚው ግድየለሽነት» ብዬ ጻፍኩ። ሲቀዱ ግን አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አላየሁም።

ጋሽ መኮንን ሪፖርቶቼን አገላበጡ። «በቃ፣ ፓምፑ ይነቀልና ለሌላ መንደር ይሰጥ» ብለው ደብዳቤ ፈረሙ።

ደብዳቤውን መንደርተኛው ፊት አነበብኩ። ወደ ወንዙ ሊመለሱ ነው። ሐዋ ጄሪካን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች።

«እሺ፣ ትነቅላለህ። መጀመሪያ አንተ ቅዳ። ጥሩ አቀዳድ እንዴት ነው፣ አሳየን።»

ቀስ ብዬ፣ እንደ አስተማሪ ቀዳሁ። ሁለተኛው ጄሪካን ሳይሞላ ቋ! አለና እጀታው እጄ ላይ ቀለለ።

«ብረቱ ነው! ብረቱ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግኩ!» ብዬ ጮህኩ።

«ያ ሰላም!» አለች ሐዋ ወገቧን ይዛ። «እኛ ስንሰብር ሰው ነው መጥፎ። አንተ ስትሰብር ብረት ነው መጥፎ?»

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። እኔ በኀፍረት ውሃ ልኩን አውጥቼ ፓምፑ ላይ ሳስቀምጠው ውስጡ ያለው አረፋ ወደ ዳር ሸሸ። አገኘሁት! የሲሚንቶ መሠረቱ ዘሟል፤ ሮዱ ቧንቧውን እየፋቀ ነው የሚሰበረው። ያን መሠረት ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ውሃውን ለማየት ስጣደፍ ውሃ ልኩን ከመሣሪያ ሳጥኔ አላወጣሁትም ነበር።

ለጋሽ መኮንን ሁሉንም ተናገርኩ። ደብዳቤውን ቀደዱት። «ሦስቱን ሪፖርት እንደጻፍክ አራተኛውንም ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ።

መሠረቱን አፍርሼ በልኩ ሠራሁት። እዚያ ሥራ ላይ እስከነበርኩ ድረስ ያ ሮድ ዳግም አልተሰበረም። ሐዋ ባገኘችኝ ቁጥር ሰላምታዋ «ዛሬስ ሰው ነው ብረት?» ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የሰው ጥፋት ነው ብዬ ከመጻፌ በፊት እጀታውን ራሴ ይዤ እቀዳለሁ።