የዱቄት ፋብሪካው ሦስት አምፖሎች

ጄኔሬተር ቤት የገባሁ የመጀመሪያ ቀን ካቻቪቴም ፒንሳም አልተሰጠኝም። የተሰጠኝ ባዶ የዘይት ጀሪካን ነው፤ እሱን አስተኝቼ እንድቀመጥበት። የኤሌክትሪክ ክፍል ኃላፊው ጋሽ ደበላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ በአገጫቸው እያሳዩኝ «እነዚያን ሦስት አምፖሎች እያቸው» አሉኝ።

«ካየኋቸው በኋላስ ምን ላድርግ?»

«ምንም። እያቸው» ብለው ወደ ማሽናቸው ዞሩ።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በጥሩ ውጤት ተመርቄ፣ በእናቴ ጸሎት ተሸኝቼ፣ አዲስ ቱታ ለብሼ የሄድኩት ጀሪካን ላይ ተቀምጬ አምፖል ላይ ላፍጥ አልነበረም። ንዴቴ ፊቴ ላይ ሳይታይ አልቀረም። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደበላ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡና «ምሕረት፣ አንቺ ቤንዚን ነሽ። እዚህ ቤት የሚሠራው ግን በናፍጣ ነው» አሉኝ። ተረቡ ገብቶኝ ሳልወድ ሳቅኩ። ያን ቀን እንደምንዋደድ አወቅኩ፤ እንደምንጨቃጨቅም ጭምር።

ፋብሪካው አሰላ ዳር ያለ የዱቄት ፋብሪካ ነው። ስንዴው ከዲክሲስ፣ ከሁሩታና ከዙሪያው ይመጣል። የመንግሥት መብራት በጠፋ ቁጥር ወፍጮዎቹ ይቆማሉ፤ ያኔ ሁለቱ የናፍጣ ጄኔሬተሮች ይነሳሉ። አንዱ ብቻውን ሁሉንም ወፍጮ መሸከም አይችልም። ስለዚህ አንደኛውን አስነስተን ሥራ እናስጀምረዋለን፤ ከዚያ ሁለተኛውን አስነስተን ከእሱ ጋር እናገናኘዋለን። ሙያው ያለው ይህ ማገናኘት ላይ ነው።

ሁለቱ ማሽኖች እኩል መፍጠናቸው ብቻ አይበቃም። እርምጃቸውም አንድ መሆን አለበት። ሁለት ሰዎች አንድ ግንድ ተሸክመው ሲሄዱ ፍጥነታቸው እኩል ሆኖ እንኳ አንዱ ሲወርድ ሌላው ከወጣ ግንዱ ትከሻ ይሰብራል። ማሽንም እንደዚያው ነው፤ እርምጃው ሳይገጥም ማብሪያውን የመታችሁ እንደሆነ በሥራ ላይ ያለው አዲሱን በኃይል ይጎትተዋል፣ ማያያዣው ይሰበራል፣ ዘንጉ ይጣመማል፣ አጠገቡ የቆመ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ትምህርት ቤት ሲንክሮናይዜሽን ብለው አስተምረውኛል። ጄኔሬተር ቤት ግን ስሙ ማስማማት ነበር።

ሦስቱ አምፖሎች በሁለቱ ማሽኖች መካከል የተዘረጉ ናቸው። ማሽኖቹ ካልተስማሙ አምፖሎቹ አብረው ይበራሉ፣ አብረው ይደበዝዛሉ። ልዩነቱ እየጠበበ ሲሄድ መብራትና መጥፋታቸው ቀስ ይላል። ሦስቱም ጨልመው ሲቆዩ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም ማለት ነው፤ በዚያ ጨለማ መሐል ማብሪያው ይመታል።

ጋሽ ደበላ ሁለተኛው ማሽን ጎን ቆመው ፍጥነቱን በጣታቸው ጫፍ ያስተካክላሉ። እኔ የማብሪያውን እጀታ ይዤ አምፖሎቹን እመለከታለሁ። «ኤጊ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ቆዪ ማለት ነው። «ኤጊ… ኤጊ…» ከዚያ «አማ!» አሁን! እጀታውን እመታለሁ። ሲዋዥቅ የነበረው የሁለት ማሽን ድምፅ አንድ ወጥ ጉርምርምታ ይሆናል፤ ወለሉ ራሱ እፎይ ያለ ይመስለኛል። ለዓመታት እንዲህ ሠራን። ከቀን ሠራተኛነት ረዳት ኤሌክትሪሺያን፣ ከዚያም ኤሌክትሪሺያን ሆንኩ፤ «ኤጊ» ግን አልቀረልኝም።

ከዚህ ሌላ በምን እንስማማ ነበር? በምንም። እሳቸው ዘይት ቶሎ ይቀየር ይላሉ፣ እኔ ገና ነው እላለሁ። እኔ ብሎን አጠብቃለሁ፣ እሳቸው ከኋላዬ መጥተው ያላላሁ ይመስል ደግመው ያጠብቃሉ። ወፍጮ ቤት ያሉት ሰዎች ጩኸታችንን ሲሰሙ «ሦስተኛው ጄኔሬተር ተነሳ» ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት ሥራ አስኪያጃችን አቶ ግርማ ጠሩንና ሁለቱን ማሽኖች በራሱ የሚያስማማ አውቶማቲክ ሰሌዳ መታዘዙን ነገሩን። እኔ ደስ አለኝ። ጋሽ ደበላ «ጥሩ ነው» ብቻ ብለው ወጡ።

በዚያው ሰሞን ሩት መጣች። ከተማው ውስጥ ያለ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህርት ናት፤ የሁለቱን ማሽኖች ድምፅ ለተማሪዎቿ ልትቀዳ ፈቃድ ጠይቃ ነው። ድምፁን ከቀዳች በኋላ ከቦርሳዋ ሁለት ትንንሽ ቀጭ ቀጭ የሚሉ የሙዚቃ ምት መቁጠሪያዎች አወጣች። ሁለት ባዶ የዘይት ቆርቆሮ መሬት ላይ አጋድማ፣ ቀጭን ጣውላ አስተኛችባቸውና መቁጠሪያዎቹን ጣውላው ላይ አስቀመጠች። አንዱ ቀጭ ሲል ሌላው ገና ነው፤ ተዘበራርቀው ጀመሩ። ጣውላው ከሥራቸው በትንሹ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም እኩል ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ማን አስማማቸው?» አሉ ጋሽ ደበላ፣ ጎንበስ ብለው።

«ጣውላው ነው ጋሼ። እያንዳንዱ የራሱ አካሄድ አለው። ጣውላው ግን የአንዱን ግፊት ለሌላው ያደርሳል። ልዩነታቸው ከበዛ ወይ የሚያገናኛቸው ነገር ከደከመ በየራሳቸው ይሄዳሉ፤ ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ማገናኛው ከበረታ ይገጥማሉ።» ከዚያ ይኸው ሐሳብ ከጄኔሬተር ውጭ ብዙ ቦታ እንደሚሠራ ነገረችን። የልብ ሴሎችን የሚያጠኑ ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። በጨለማ አብረው ብልጭ የሚሉ ነፍሳትን የሚያጠኑም ይጠቀሙበታል። የአገሩን ሁሉ የኤሌክትሪክ መስመር የሚቆጣጠሩትም እንዲሁ።

«የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጭብጨባስ?» አልኳት። ዘማሪ ነኝ፤ ጉባኤው ጭብጨባ ሲጀምር ዝብርቅርቁ ይወጣል፣ ማንም ሳያዝ ወዲያው አንድ ይሆናል፤ ከዚያ ሳናውቀው እየፈጠነ ሄዶ ከበሮ መቺያችንን ያበሳጨዋል።

ሩት እየሳቀች «እትዬ ምሕረት፣ እሱም እዚሁ ውስጥ ነው። መፍጠኑም ጭምር» አለችኝ።

ጋሽ ደበላ ግን አልሳቁም። ጣውላውን እያዩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ደበላ ዝም አሉ። ዘይቱን ዛሬ አልቀይርም ስላቸው «እንዳልሽ» ይላሉ። ብሎን ሳጠብቅ ከኋላዬ አይመጡም። የወፍጮ ቤቶቹ «ሦስተኛው ጄኔሬተር ምነው ቆመ?» ሲሉኝ «ከስንት ዘመን በኋላ ተስማማን!» አልኳቸው። እውነትም የመሰለኝ እንደዚያ ነበር። አውቶማቲኩ ሊመጣ ስለሆነ ሥራውን ለእኔ እየለቀቁልኝ ነው ብዬ ልቤ ተነክቶ ነበር።

የስንዴ ማስገቢያ ወቅት ነበር። የጭነት መኪኖቹ በር ላይ ተሰልፈው ሳለ ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። አንደኛውን ማሽን አስነሳን። ሁለተኛውን አስነሳን። ጋሽ ደበላ ቦታቸው ላይ ናቸው፣ እኔ እጀታውን ይዣለሁ። ሦስቱም አምፖሎች ጨልመዋል።

«ኤጊ» እስኪሉኝ ጠበቅኩ። ዝም። «አማ» እስኪሉኝ ጠበቅኩ። ዝም። እጄ ሊመታ ተነሳ፤ ጨለማ ነው፣ ጨለማ ሲሆን ይመታል።

ግን ጆሮዬ እምቢ አለኝ። ድምፁ ይዋዥቃል። ሩት የቀዳችው ያ ከፍ ዝቅ የሚል ጉርምርምታ አልቆመም። ከዚያ ሁለተኛው ነገር ገባኝ፤ አምፖሎቹ ጠፉ እንጂ ሲበሩ አላየኋቸውም። ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ አንዴም አልበሩም። እጀታውን ለቀቅኩት።

በኋላ ሰሌዳውን ስንፈታ አምፖሎቹን ብቻ የሚያበራው ትንሹ ማብሪያ ውስጡ በዱቄት ታፍኖ ተገኘ። በዱቄት ፋብሪካ ዱቄት የማይገባበት ቦታ የለም፤ ምግብ ዕቃችን ውስጥ ሳይቀር እናገኘዋለን። ከውጭ ያበራነው ይመስለናል፣ ከውስጥ ግን ብረቱ ብረቱን አይነካም። ያን ቀን ብመታው ኖሮ ማሽኑም እኔም ምን እንደምንሆን አላውቅም።

ያን ጊዜ ግን የማውቀው ተናድጄ መዞሬን ነው። «ጋሽ ደበላ! ምነው ዝም አሉኝ?» ብዬ ልጮህ ስዞር ማሽኑ ጎን አልነበሩም። በርሜል ላይ ተቀምጠው በአንድ እጃቸው ደረታቸውን ይዘዋል። ፊታቸው ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎኝ ነበር። ዱቄት አልነበረም።

ሁለቱንም ማሽኖች አጠፋሁ። አቶ ግርማ በራሳቸው መኪና ሆስፒታል አደረሱን። መንገድ ላይ ጋሽ ደበላ እጄን ይዘው «ጥቂት ወራት ሆኖታል» አሉኝ። «ትንሽ ስሠራ ትንፋሼ ያጥረኛል። ካንቺ ጋር ለመጨቃጨቅ እንኳ አቅም አጣሁ። አውቶማቲኩ ሲመጣ በሽተኛ መሆኔን ካወቁ መጀመሪያ የሚሸኙት እኔን ነው ብዬ ደበቅኩ።»

አቶ ግርማ መሪውን እንደያዙ «ሰሌዳውን ማን እንዲያስተክልልኝ ነው ያዘዝኩት? እርስዎ እንዲያስተክሉልኝ አይደለም እንዴ!» አሉ።

ሐኪሟ የልባቸው የላይኛው ክፍል ምት እንደተዘበራረቀ ነገረችን። ሆስፒታል ተኝተው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሳምንታት ወሰዱ። ከዚያ ምቱን ለመመለስ አንዴ በኤሌክትሪክ መንካት እንደሚያስፈልግ ተነገራቸው፤ አለዚያ ልባቸው እየደከመ ይሄዳል። ጋሽ ደበላ ከአልጋው ቀና አሉ።

«ዕድሜ ልኬን ስሸሸው የኖርኩትን ነገር ደረቴ ላይ? አይሆንም።»

ሚስታቸው ለመኗቸው፣ እምቢ አሉ። እኔ ለመንኳቸው፣ እምቢ። ሩት ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃቸው መጣችና ጣውላውን አስታወሰቻቸው። «ጋሼ፣ ልብ ውስጥ ያለው ሴል ሁሉ የራሱ ምት አለው። አንድ መሪ አላቸው፣ እሱን እየተከተሉ አብረው ይመታሉ። አሁን ላይኛዎቹ መሪውን መስማት ትተው እያንዳንዱ በራሱ እየሄደ ነው። ሁሉንም ለአፍታ ዝም አሰኝቶ ከመሪው ጋር እንደገና ማስነሳት ነው።»

«ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ማስነሳት» አሉ ጋሽ ደበላ ቀስ ብለው። «እሱስ ሥራችን ነው። ግን ያለ ጊዜው የመቱት እንደሆነስ?»

ሐኪሟ ይህን ሰምታ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። «ትክክል ብለዋል፣ ያለ ጊዜው ከተመታ አደጋ ነው። ለዚህ ነው እኔ ቁልፉን ስጫን ማሽኑ ወዲያው የማይለቀው። ምትዎን እያየ ትክክለኛዋን ቅጽበት ይጠብቃል፤ ከዚያ ይለቃል።»

«ይጠብቃል?»

«ይጠብቃል፣ አባቴ።»

ጋሽ ደበላ ወደ እኔ ዞሩ። «ኤጊ ይላል ማለት ነው።» ትንሽ አሰቡና «ምሕረት፣ ሂጂና የማሽኑን አምፖል እዪልኝ። ሲበራ እዪው» አሉኝ።

ሐኪሟ ፈቀደችልኝ። በቀጠሮው ቀን ገመዶቹ ደረታቸው ላይ ተለጥፈው ሳለ ማሽኑ አጠገብ ወሰደችኝ። የልባቸው ምት ስክሪኑ ላይ ይሮጣል፣ አንዴ ይቀርባል አንዴ ይርቃል። ማሽኑ ግን በእያንዳንዱ ምት አናት ላይ ትንሽ ምልክት ያበራል። ቆሜ አየሁ። አንዱንም አልዘለለም።

ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብዬ «ይበራል ጋሽ ደበላ። በዓይኔ አይቻለሁ» አልኳቸው።

«በይ እሺ» አሉ። የሚያስተኛውን መርፌ ሰጧቸው፣ እኔን አስወጡኝ።

ኮሪደሩ ላይ ከሚስታቸው ጋር ቆመን ጸለይን። እሳቸው በኦሮምኛ፣ እኔ በአማርኛ፤ አሜኑን አብረን አልነው። በሩ ተከፈተና ሐኪሟ ምቱ ተመልሷል አለችን።

ጋሽ ደበላ ሲነቁ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። «ዘይቱን ቀየርሽ?»

«ገና ነው ጋሽ ደበላ።»

«ገና? ምን እየጠበቅሽ ነው? ይሄንን ያህል ጊዜ! ኩሽኔታውን ልትበዪው ነው?»

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። እንደ ጭቅጭቃቸው የናፈቀኝ ነገር አልነበረም።

አውቶማቲኩን ሰሌዳ አብረን ተከልነው፤ ከዚያ ጡረታ ወጥተው ሁሩታ ገቡ። ዛሬ የኤሌክትሪክ ክፍል ኃላፊዋ እኔ ነኝ። አዲሱ ሰሌዳ ማሽኖቹን ያለ እኛ ያስማማል፤ ሲበላሽ በእጅ እንሠራለን፣ ስለዚህ ሦስቱን አምፖሎች አላስነቀልኩም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ጀሪካኑ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

የምነግረውም ይህንኑ ብቻ ነው። አምፖል ሲጨልም ሁለቱ ማሽኖች ተስማምተዋል ማለት ሊሆን ይችላል። አምፖሉ አይሠራም ማለትም ሊሆን ይችላል። ጨለማው ሁለቱንም አይለይም። እጀታውን ከመምታትህ በፊት አምፖሉ ሲበራ እይ። አጠገብህ የሚሠራ ሰው በድንገት መጨቃጨቅ ካቆመ ደግሞ ተስማማን አትበል። ማሽኑን አጥፋና ጠይቀው።