ለዘጠኝ ሃያ አምስት ጉዳይ

ጋሽ ሳህሉን የማያውቅ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ካለ፣ መኪና አቁሞ አያውቅም ማለት ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ፣ ከአንዲት የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ሲቀበሉ ኖረዋል። እግራቸው ግን መቀመጥ አይወድም። ላንግሊ ፓርክ ካለው አፓርታማቸው ሥራ ቦታቸው ድረስ የሚመላለሱት በእግር ነው፤ በረዶ ቢወርድም አውቶቡስ አይጠብቁም። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው፣ ደግሞም ሁላችንንም ዳገት ላይ ጥለውን ይሄዳሉ። ከዚያ ዞር ብለው «ልጆች፣ ታክሲ ልጥራላችሁ?» ይሉናል።

እኛ ማለት የሮብ ተጓዦች ነን። ቅዳሜና እሑድ የሚያርፍ ሰው ከመካከላችን ስለሌለ ጫካ የምንገባው ሮብ ሮብ ነው። አስተባባሪያችን ይድነቃቸው ነው፤ ሚኒቫን ስላለው ብቻ አለቃ የሆነ ሰው። ዮዲ የእህቱ ልጅ ናት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። እኔ ሉባባ እባላለሁ፤ አሌክሳንድሪያ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ክኒን አድላለሁ። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል። ያን ቀን ግን አጥሮ ቀረ።

ነሐሴ ነበር፣ ፍልሰታ። ይድነቃቸው ትልቅ ዕቅድ አውጥቷል፤ በአንድ ቀን ሦስት ስቴት በእግራችን ልንረግጥ ነው። ከሜሪላንድ ተነስተን ፖቶማክን በእግረኛ ድልድይ ተሻግረን ዌስት ቨርጂኒያ፣ ከዚያ ሸናንዶዋን ተሻግረን እስከ ቨርጂኒያ ወሰን ድረስ ጫካውን ሽቅብ። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበትን ገደል ከላይ አይተን፣ ፎቶ ተነስተን ልንመለስ።

ቫኑ ውስጥ ጋሽ ሳህሉ ከአጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ከሸሚዝ ኪሳቸው ክኒን አውጥተው ያለ ውሃ ሲውጡ አየሁ። መልኩን አውቀዋለሁ፤ የስኳር በሽታ ክኒን ነው። እኛ ጋ የምግቡ ትሪ ሳይቀርብ ለማንም አይሰጥም። ባዶ ሆድ ካገኘ ስኳሩን አውርዶ አውርዶ ሰው ይጥላል።

«ጋሼ፣ ቁርስዎን በልተዋል?»

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም፤ ውሃም ቢሆን። ለእመቤታችን ተስያለሁ።»

ባለቤታቸው እትዬ አሰፋሽ ከሁለት ቀን በኋላ፣ አርብ ዕለት፣ የልብ ኦፕሬሽን ይጠብቃቸው ነበር። ጋሽ ሳህሉ ሱባዔውን አንድ ቀን ሳያጎድሉ ሊጾሙላቸው ቃል ገብተዋል።

«ታዲያ ክኒኑን ለምን ዋጡት? እንዲህ እኮ አይሆንም፤ ሐኪምዎን ጠይቀዋል?»

«ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ብሎኛል፣ ጠዋት ዋጥኩ። ሉባባ፣ ጾም ለሰው አይነገርም። ከተነገረ ዋጋ የለውም። አፍሽን ያዢልኝ።»

እኔ ረመዳንን የምጾም ሰው ነኝ። የሰው ጾም ማስፈታት ምን ማለት እንደሆነ አላጣሁትም። አባቴን የሚያህል ሰው ሲለምነኝ እምቢ ማለት ደግሞ አላደግሁበትም። «እሺ ጋሼ» አልኩ። ያቺን «እሺ» እስከ ዛሬ እረግማታለሁ።

ቀኑ ከጠዋቱ አላማረኝም። ሰማዩ ነጭ ነው፣ ነፋስ የለም፣ ቅጠል አይነቃነቅም። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ወንዙ ከሰሞኑ ዝናብ ደፍርሶ ግንድ እየነዳ ይወርዳል። ዮዲ ለሁላችንም ቆሎ አደለች። ጋሽ ሳህሉ አመስግነው ተቀበሉና ዞር ሲሉ ኪሳቸው ከተቱት። የውሃ ጠርሙሳቸውንም ከንፈራቸው ድረስ አንስተው ይመልሱታል። ለእኛ ሲሉ ነው። የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ዳገቱን ጀመርን። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ቀሩ። ይድነቃቸው «ጋሼ፣ ዛሬስ ታክሲው ለእርስዎ ይጠራ?» አለና ተሳሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። የጫማቸውን ክር ሊያስሩ ጎንበስ ሲሉ ጣታቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሁለት ጊዜ ሞክረው ተዉት። አፌን ከፈትኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ዘጋሁት።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ዮዲ አስተዋለች።

«ጋሼ፣ አር ዩ ኦኬ? ዋተርዎን ይጠጡ እንጂ፣ ኢትስ ሶ ሆት።»

«ጠጥቻለሁ ልጄ» አሉ።

«ጠጥተዋል» አልኩ እኔም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ጫፉ ላይ ደርሰን ይድነቃቸው ለፎቶ ሲደረድረን አንድ ሰው ጎደለ።

መንገዱን ወደ ኋላ ሮጥን። «ጋሼ! ጋሽ ሳህሉ!» የሚመልስ የለም፤ ከታች የወንዙ ድምፅ ብቻ። ያየቻቸው ዮዲ ናት። ከመንገዱ ወጥተው፣ ዛፉ አልቆ ገደሉ ከሚጀምርበት አለት ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ወደ ባዶው ነው። አንድ እርምጃ ቢቀራቸው ነው፣ ቢበዛ ሁለት።

ቀስ ብዬ ስጠጋ ፈገግ አሉልኝ። «አሰፋሽ፣ ምነው ከአልጋ ተነሳሽ?»

ክንዳቸውን ያዝኩ። ይድነቃቸው ከኋላ ወገባቸውን አቅፎ ጎተታቸውና ሁለቱም መሬት ላይ ወደቁ። ሰውነታቸው በዚያ ሙቀት ይቀዘቅዛል።

«ዮዲ፣ ናይን ዋን ዋን ኮል አድርጊ፣ አምቡላንስ ይምጣ!» ጮኸ ይድነቃቸው።

«ሲግናል የለም!» አለች ዮዲ እያለቀሰች፣ ሲግናል ፍለጋም ወደ ተራራው ጫፍ ሮጠች።

እኔ ከቦርሳዬ የብርቱካን ጁስ አውጥቼ ከንፈራቸው ላይ አስጠጋሁ። ጥርሳቸውን ነከሱ። ሚስታቸውን ከእኔ ያልለዩ ሰው ጾሙን አልረሱም።

«ስንት... ሰዓት ነው?»

ስልኬን አየሁ። ለዘጠኝ ሃያ አምስት ጉዳይ ነበር። በሥራዬ ስንቱን አይቻለሁ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም ከፊቴ የተኛው። እኔ ራሴ መግሪብ እስኪደርስ ቴምር በእጄ ይዤ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ከአዛኑ በፊት አንድ ደቂቃ ሰርቄ አላውቅም።

«ዘጠኝ ሞልቷል ጋሼ። እንዲያውም አልፏል።»

ሊያማትቡ እጃቸውን አነሱ፤ ግንባራቸውን ስታ ጆሮአቸውን ነካች። ከዚያ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈቱልኝ። ይድነቃቸው የራሱን ስልክ አየ፣ እኔን አየ፣ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ዮዲ ደውላ የጠራቻቸው ሬንጀሮች፣ የጫካው ጠባቂዎች፣ በቃሬዛ ሲያወርዷቸው ነፍሳቸው ተመልሳ ነበር። በማግስቱ ከሆስፒታል ሲወጡ ቤታቸው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መኪናው ውስጥ «ዘጠኝ ሰዓት ነበር አይደል?» አሉኝ። «ነበር» አልኩ። እጄን ሳሙኝ። አፈርኩ።

አርብ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ደወሉልኝ።

«ሉባባ፣ ሐኪሞቹ ልቧን መልሰው ማስነሳት አቅቷቸዋል። ማሽን ላይ ናት፤ ጠብቁ ብለውን ገቡ።» ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም። «ያጎደልኩት ነገር ካለ አሁን ይቅርታ ልጠይቅበት። ያን ቀን ስንት ሰዓት ነበር?»

እውነቱን ብነግራቸው፣ እትዬ አሰፋሽ ቢሞቱ «የገደልኳት እኔ ነኝ» ብለው ይኖራሉ።

«ዘጠኝ ሞልቶ ነበር ጋሼ።»

ከጀርባቸው የሆስፒታሉ ድምፅ ማጉያ አንድ ሐኪም ይጠራል።

«ወላሂ በዪኝ።»

በሕይወቴ በሐሰት ምዬ አላውቅም። በጌታዬ ስም ዋሽቼ ነገ ፊቱ ምን ብዬ እንደምቆም አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም።

«ወላሂ» አልኩ።